የአባቴ ዲኤክስ ኮሶዬ ዳገት ላይ ትፈላለች፣ ቴርሞስታቱን ላውጣው ወይ?

የወለቃው
እሁድ ማታ 2:40

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። ጎንደር ነው ያለሁት፣ አባቴ በ1985 ዓ.ም የገዛት ቶዮታ ዲኤክስ አለችን፣ 4ኬ ሞተር በካርቡራተር፣ አራታችንም ልጆች ትምህርት ቤት የተመላለስነው በሷ ነው፣ አሁን አባቴን ጉልበቱን ስላመመው መንዳቱን ትቶ ቁልፉን ለኔ ሰጥቶኛል። ከተማ ውስጥ ከፒያሳ አዘዞ ከአዘዞ ማራኪ ስል ምንም አትልም። ግን አያቴን ልጠይቅ ወደ ዳባት ስወጣ ወለቃን አልፌ የኮሶዬን ዳገት ስጀምር መርፌው ቀስ እያለ ይወጣል ይወጣልና ቀዩ ጋ ይደርሳል፣ ቆሜ ኮፈኑን ስከፍት የትርፍ ውሃ መያዣው ጠርሙስ ይንተከተካል፣ ውሃው በጎን እየወጣ መሬት ላይ ይፈሳል፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ውሃ ጨምሬ ነው የምቀጥለው።

ሁለት መካኒክ ጠየኩ። አንዱ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የማያሳልፈውን ቫልቭ) አውጣው ውሃው በነፃነት ይዙር አለኝ። ሌላው ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨቁንበትን ግፊት) ለካና 9 አካባቢ ነው ሞተሩ ደክሟል ይውረድ ወይ ኢንጀክሽን ሞተር አስገባባት አለኝ። ለሞተር የሚሆን ብር የለኝም፣ ቢኖረኝም አባቴ እያየ ሞተሯን ማውረድ ይከብደኛል። ክሪክ አለኝ፣ ቁልፍ ካቻቢቴ ፒንሳ አለኝ፣ ዘይትና ካንዴላ ሁሌም ራሴ ነኝ የምቀይረው። ግቢ ውስጥ ራሴ ልሰራው የምችለው ነገር ካለ ንገሩኝ።


ማራኪ 4ኬ
እሁድ ማታ 3:05

ወንድሜ አውጣው አትጨነቅ፣ እኔም ያንተው አይነት መኪና ነው ያለኝ ካወጣሁት 3 አመት ሆነኝ አንድም ቀን ቀዩ ጋ ደርሳ አታውቅም፣ እንደውም መርፌዋ ከታች ነው የምትውለው። ኮሶዬ ግን ወጥቼባት አላውቅም እውነቱን ለመናገር፣ ስራዬም ቤቴም ከተማ ውስጥ ነው።


አሮጌው መካኒክ
እሁድ ማታ 4:20

ልጄ የወለቃው፣ መጀመሪያ ማንም ሞተርህን እንዳያወርደው። 9 ያነበበልህ ልጅ መለኪያውን አየ እንጂ ያለበትን ከተማ አላየም። የፋብሪካው መጽሐፍ 11፣ 12 የሚለው በባህር ጠለል ላይ ላለ ሰው ነው፣ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ሞተሩ የሚስበው አየር ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ሳስቶ ነው የሚገባለት፣ ስለዚህ ጤነኛ 4ኬ እዚህ አገር 9 ቢያነብ ደግ ነው። መታየት ያለበት የአራቱ ሲሊንደር ልዩነት ነው። እንደገና ለካ፣ ሞተሩ ሞቅ ይበል፣ አራቱንም ካንዴላ አውጣ፣ የነዳጅ ፔዳሉን እስከ ወለሉ የሚረግጥልህ ሰው አስቀምጥ። አራቱም ከተቀራረቡ ሞተሩን ተወው። አንዱ ብቻ ዝቅ ካለ አንድ ማንኪያ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምረህ ድገመው፣ ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው፣ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይ ጓርኒሲዮን (በብሎኩና በሞተሩ ራስ መሀል ያለው ማሸጊያ) ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ አብረው ከወደቁ በሁለቱ መሀል ጓርኒሲዮኑ ሄዷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ውሃው። ውሃ እዚህ ጎንደር 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፣ ኮሶዬ ስትደርስ ወደ 90 ይወርዳል፣ ዳባትና ደባርቅ ላይ ንፍሮ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው፣ ውሃው ይንፈቀፈቃል ሙቀቱ ግን አነስተኛ ነው። ሞተርህ ደግሞ በደህና ቀኑ ከ82 በላይ ሆኖ ነው የሚሰራው። ስለዚህ ክፍት ድስት ይዘህ ዳገት ብትወጣ ያለህ ትርፍ 8 ዲግሪ ብቻ ነው። መኪናዋን ከዚህ የሚያድናት የራዲያተሩ ክዳን ነው። 0.9 የተጻፈበት ደህና ክዳን ውሃውን ጨቁኖ ስለሚይዘው ኮሶዬ ላይ እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይፈላም። ክዳኑ ከሞተ ግን ድስትህ ክፍት ነው። ብዙ ሰው ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) አስላጭቶ ጓርኒሲዮን ቀይሮ ያቺን ክዳን ሳያያት ይቀራል፣ ሀምሳ አመት ልጠጋ ነው በዚህ ስራ፣ ይሄን ስንት ጊዜ እንዳየሁ ቁጥሩን አላውቀውም።

ነገ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ክፈታት፣ በሙቁ እንዳትነካት በእግዚአብሔር፣ ፊት የተቃጠለ ሰው አይቻለሁ። ከስር ያለውን ላስቲክ በጥፍርህ ጫን አድርገው፣ ለስለስ ማለት አለበት። መሀል ላይ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ ሳብ ስታደርጋት ተከፍታ ስትለቃት ጥብቅ ማለት አለባት። ከዚያ ቴርሞስታቱን አውጥተህ ፈትሸው፣ አውጥተህ ግን አትጣለው።


የቮልስ ልጅ
ሰኞ ጠዋት 1:15

ጋሼ እናመሰግናለን። የኔ ቮልስ ውሃ ስለሌላት ከዚህ ክርክር ነፃ ነኝ ግን ነገሩ ያው ነው፣ የኛዎቹ ደግሞ በሞተሩ ዙሪያ ያለው ላሜራና ላስቲክ ሲጎድል ነው የሚሞቁት፣ አሮጌዎቹ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የ3ኛውን ሲሊንደር አየር ስለሚከልልበት መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። ብዙ ሰው ላሜራዎቹን ሞተር ሲያወርድ ይጥላቸዋል ምን ይሰራሉ ብሎ። ፋብሪካው ያለ ምክንያት ያስገባው ነገር የለም።


ማራኪ 4ኬ
ሰኞ ቀን 7:30

ጋሼ ይቅርታ አንድ ነገር ልጠይቆት። ትላንት የጻፉትን አንብቤ ጠዋት ስራ ከመሄዴ በፊት የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጬ አየሁት፣ ከስሩ ቡና በወተት የመሰለ ነገር ለጥፎበታል በጣት ይዛቃል። ጓርኒሲዮን ሄዷል ማለት ነው? ደንግጫለሁ።


አሮጌው መካኒክ
ሰኞ ማታ 1:50

አይዞህ ልጄ አትደንግጥ። የራዲያተርህ ውሃ ይቀንሳል? የማይቀንስ ከሆነ ጓርኒሲዮን አይደለም። ያ ያየኸው ሞተርህ ሳይሞቅ ስለሚውል ነው። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይፈጠራል፣ ትንሹ በፋሻው አልፎ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በእንፋሎት ወጥቶ ይሄዳል፣ ካልሞቀ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል ክዳኑ ላይም ይለጠፋል። አንተ ከማራኪ አራዳ 10 ደቂቃ ትነዳለህ ታቆማለህ፣ ቴርሞስታት የላትም፣ የጎንደር ጠዋት ብርድ አለ፣ መቼ ትሙቅ? መርፌዬ ከታች ነው የምትውለው ብለህ የኮራህባት ነገር እሷው ናት በሽታዋ። ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚኑን በደንብ አያተንም፣ ጠብታው የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት አጥቦት ይወርዳል፣ ፋሻውም ሲሊንደሩም ያለ እድሜው ያልቃል። ቤንዚን እየበላችብህ አይደለም?


ማራኪ 4ኬ
ሰኞ ማታ 2:10

በጣም እንጂ ጋሼ። እኔ ካርቡራተሩ መስሎኝ ሁለት ጊዜ አሳጥቤዋለሁ። ካንዴላዎቹም ጥቁር ጥላሸት ናቸው።


አሮጌው መካኒክ
ሰኞ ማታ 2:25

ጥላሸቱ ከፊሉ ከብርዱ ነው፣ ከፊሉ ከከፍታው። ካርቡራተር አየር መሳሳቱን አያውቅም፣ ለባህር ጠለል በተሰራ ጂግለር (ቤንዚኑን የሚመጥን ቀዳዳ ያላት ትንሽ ቡሎን) ጎንደር ላይ ቤንዚኑ ከአየሩ አንጻር 10 በመቶ ያህል ይበዛል። መጀመሪያ ቴርሞስታቱን መልስና አንድ ወር ንዳ፣ ከዚያ ካንዴላውን አይተን ስለ ጂግለሩ እናወራለን። ሁለቱን ባንዴ ከነካካህ የትኛው እንደሰራ አታውቅም።


የወለቃው
ሐሙስ ማታ 3:00

ጋሼ እንዳሉኝ አረኩ፣ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ኮምፕሬሽኑን ከጎረቤቴ መለኪያ ተውሼ ለካሁት፣ 9.2፣ 9.0፣ 9.3፣ 9.1። አባቴ በሩ ጋ ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ እያየኝ ነበር፣ ቁጥሩን ስነግረው ዝም ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ክዳኗ ላይ ምንም ቁጥር የለም፣ ከሌላ መኪና የመጣች ናት መሰለኝ ስትዘጋም ላላ ትላለች፣ ላስቲኩ እንደ ቀንድ ደርቋል ጥፍሬ አይገባበትም። ቀጥሎ የቴርሞስታቱን ቤት ሁለት ቡሎን ፈታሁ። ባዶ ነው! ቴርሞስታት የሚባል ነገር የለም። አውጣው ያለኝ መካኒክ ከፍቶ ሳያይ ነው የነገረኝ። አባቴን ስጠይቀው ትንሽ አሰብ አርጎ አስታወሰ፣ በ1998 ዓ.ም አንድ ጋራዥ ለጽምብል ሲሄድ ሞቃበት አስገብቷት ነበር፣ ተሰራች ተብሎ ነው የወሰዳት፣ ምን እንደተሰራች አልነገሩትም።

ሞተሩን አስነስቼ ሲሞቅ ራዲያተሩን ፊት ለፊቱን በእጄ ዳሰስኩት፣ ከላይ ያቃጥላል፣ ከታች በቀኝ በኩል አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ቀዝቃዛ ነው። በተጨማሪ ከቬንትሌተሩ ዙሪያ መኖር ያለበት የፕላስቲክ ሽፋን የለም፣ የሚታሰርበት ቀዳዳ ብቻ ነው የቀረው።


አሮጌው መካኒክ
ሐሙስ ማታ 3:45

ጎበዝ ልጄ። እንግዲህ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ቀዝቃዛው ቦታ የተደፈነው ነው፣ 30 አመት የወንዝና የምንጭ ውሃ ሲጨመርባት ዝቃጭ ይዛለች። ራዲያተሩን አውርደህ ገልብጠው፣ በታችኛው አፍ በቧንቧ ውሃ ወደ ላይ ልቀቅበት፣ ጥርት እስኪል።  ካልለቀቀ ራዲያተር ቤት ወስደህ ይፍታልህና ውስጡን በዘንግ ይጥረገው። ከዚያ በኋላ የወንዝ ውሃ በቃ፣ የባትሪ ውሃና ኩላንት እኩል በኩል። ኩላንት የመፍላቱን ነጥብም ከፍ ያደርጋል ዝገትም ይከላከላል፣ ብሎኩ ብረት ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ሁለቱ በባዶ ውሃ አይስማሙም።

አንድ የረሳሁት፣ ፑንቲናውን (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን መክፈቻና መዝጊያ) እየው። የፑንቲናው እግር እያለቀ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፣ ሲጠብ እሳቱ ይዘገያል፣ የዘገየ እሳት ሞተር ያሞቃል ጉልበትም ይወስዳል። ክፍተቱ 0.45 ሚሊሜትር፣ ከዚያ እሳቱን 8 ዲግሪ ቀድሞ። ክፍተቱን ሳታስተካክል እሳቱን አታስተካክል፣ ቅደም ተከተሉ እንደሱ ነው።


ጂም አራዳ
ሐሙስ ማታ 4:10

ይቅርታ ግን ለምን ትደክማላችሁ ወገኖች፣ ኢንጀክሽን ሞተር ከነኮምፒውተሩ አስገብቶ መገላገል አይሻልም? ጂግለር የለ ፑንቲና የለ ከፍታውን ራሱ ያስተካክላል። እኔ ብሩ እየተጠራቀመልኝ ነው የኔዋን ልቀይራት ነው።


የቮልስ ልጅ
ሐሙስ ማታ 4:30

ጂም ሀሳብህ ጥሩ ነው አልቃወምም ግን ሁለት ነገር አስብ። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ፣ ለቦሎ ምርመራ ስትሄድ ቁጥሩ ካልገጠመ ትቆማለህ፣ ስለዚ ከመግዛትህ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ጠይቅ፣ የሞተሩን የግዢ ወረቀትም ያዝ። ሁለተኛ የዲኤክሷ ሰልባትዮ (የቤንዚን ታንክ) እና የቤንዚን መስመር ለዝቅተኛ ግፊት ነው የተሰራው፣ ኢንጀክሽን ከፍተኛ ግፊት ነው የሚፈልገው፣ አሮጌ ጎማ ቧንቧ ላይ ያንን ግፊት ከጫንክ ቤንዚን በሞተር ላይ ይረጫል። ፑንቲናው ካስቸገረህ በኤሌክትሮኒክ መተካት ብቻ ትልቅ ለውጥ ነው፣ እኔ ቮልሴ ላይ ካስገባሁት ወዲህ ዝናብ ላይ እንኳ ባንዴ ነው የምትነሳው።

ደግሞ አሮጌ ናቸው ብለን የምንጥላቸው ጊዜ አደለም። በ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ ያገለገለ መኪና እስከ 500 በመቶ ተጣለበት፣ በ2016 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። እጃችን ላይ ያለችው ናት ያለችው።


እናት ሹፌር
አርብ ጠዋት 2:00

እንደምን ሰነበታችሁ። ሁላችሁም መውጣቷን ነው የምታወሩት፣ የወለቃው ወንድሜ መውረዷንስ አስበህበታል? ከኮሶዬ ስትመለስ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ነው የምትወርደው ወይስ በማርሽ? እኔ እናቴን ለህክምና ከደባርቅ ጎንደር የማመላልሳት ራሴ ነኝ፣ አንድ ቀን ወለቃ ልደርስ ስል ፍሬኑ ሰፍነግ እንደመርገጥ ሆነብኝ፣ እናቴ አጠገቤ ናት፣ ምንም ሳልላት ማርሽ 2 አስገብቼ በእጅ ፍሬን እያገዝኩ ነው የቆምኩት። ያኔ የተማርኩትን ልንገርህ፣ የፍሬን ዘይት ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን 205 ዲግሪ ነው የሚፈላው፣ ውሃ ከሳበ በኋላ 140 ላይ ይፈላል፣ ሲፈላ መስመሩ ውስጥ አረፋ ይሆንና ፔዳሉ መሬት ይሄዳል። የናንተ ራዲያተርና የኔ ፍሬን በሽታቸው አንድ አይነት ነው።

አሁን በየ2 አመቱ ግቢዬ ውስጥ ነው የምቀይረው። ልጄ 13 አመቱ ነው፣ እሱ ፔዳል ላይ እኔ ጎማው ስር፣ ከቀኝ የኋላ ጎማ እጀምራለሁ፣ ከፍሬን ፖምፓው በጣም የሚርቀው ጎማ እሱ ነው። ልጄን እርገጥ ስለው ይረግጣል፣ ያዝ እለዋለሁ፣ ዊንጯን እፈታታለሁ፣ በቀጭን ላስቲክ ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ ይወርዳል፣ ዘግቼ ነው ልቀቅ የምለው። ሳልዘጋ ከለቀቀ አየር ይስባል። መጀመሪያ የወጣው ዘይት ጠላ ይመስል ነበር፣ አዲሱ ሲመጣ እንደ ማር ብርዝ ጥርት ብሎ። ላይ ያለው ጠርሙስ ባዶ እንዳይሆን በየመሀሉ ሙላው።


የወለቃው
አርብ ቀን 6:20

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እኔ ባዶ ማርሽ እያረኩ ነበር የምወርደው ቤንዚን ለመቆጠብ ብዬ። ከዛሬ ጀምሮ አቁሜያለሁ። ዘይቱንም አሁኑኑ እቀይረዋለሁ፣ መቼ እንደተቀየረ አባቴም አያስታውስም።


የወለቃው
ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ማታ 2:15

ተመልሻለሁ። ክዳንና ቴርሞስታት ጎንደር አጣሁ፣ ዘመዴ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ፈልጎ በአውቶብስ ላከልኝ፣ 82 የሚል ቴርሞስታትና 0.9 ክዳን። ቴርሞስታቱን ከማስገባቴ በፊት ጋሼ ፈትሸው እንዳሉኝ እናቴን አንድ ድስት ለመንኳት፣ አሮጌውን ሰጠችኝ። በክር አንጠልጥዬ ውሃ ውስጥ ከተትኩት፣ ታችኛውን እንዳይነካ፣ አስተማሪ ጓደኛዬ ከላብራቶሪ ያዋሰኝን ቴርሞሜትር አጠገቡ። አባቴ ቴርሞሜትሩን ነው የሚያነብልኝ። 78፣ ምንም። 81፣ ምንም። 83 ሲል ሳህኗ በጣም ቀስ ብላ ከቀለበቷ ተነሳች፣ ፀጉር የሚያህል ክፍተት፣ ከዚያ እየሰፋች ሄደች። 93 ላይ ውሃው ፈላና ከዚያ ወዲያ ቴርሞሜትሩ አልነቃነቅ አለ፣ ጋሼ ያሉት ቁጥር ድስቱ ውስጥ ቁጭ አለ። አባቴ እኮ 30 አመት የነዳት ሰው ነው፣ ይሄ ነገር ምን እንደሚሰራ ያየው ዛሬ ነው። ከውስጧ ሰም አለ፣ ሰሙ ሲቀልጥ ያብጥና ይገፋታል ስለው ድገመው አሳየኝ አለኝ፣ አቀዝቅዤ ደገምኩት።

ራዲያተሩን ገልብጬ ስለቅበት መጀመሪያ ቀይ ጭቃ ነው የወጣው፣ ቀጥሎ እንደ እንቁላል ቅርፊት ያለ ነጭ ስብርባሪ፣ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ሽፋኑን ከወዳደቀች ዲኤክስ ላይ አገኘሁት፣ አንድ ጆሮው ተሰብሯል በሽቦ አሰርኩት። ፑንቲናው ክፍተት ከግማሽ በታች ነበር፣ 0.45 አድርጌ እሳቱንም አስተካከልኩ። የፍሬን ዘይቱንም ከታናሽ እህቴ ጋር ሆነን እናት ሹፌር እንዳሉት ለወጥነው።

ዛሬ ጠዋት አባቴን ፊት አስቀምጬ ወጣሁ። ወለቃ ላይ መርፌዋ መሀል። ዳገቱ ሲጀምር በ2 ማርሽ፣ ከፊታችን አይሱዙ ነበረ፣ ከኋላው ቀስ ብለን፣ ዱሮ የምቆምባት ዛፍ ጋ ስንደርስ ሁለታችንም መርፌዋን እያየን ነው፣ ከመሀል ትንሽ ከፍ አለችና ቆመች። እዛው ቆመች በቃ። ኮሶዬ አናት ላይ አቁሜ ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ጠርሙሱ ዝም ብሏል። አባቴ ጉልበቱን እያመመው ወርዶ ራዲያተሩ ጎን እጁን ዘረጋ፣ ሙቀቱን ብቻ ተሰማውና ወደ ገደሉ ዞሮ ቆላውን አየ። ሳይነዳ ይሄን መንገድ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው መሰለኝ።

ስንመለስ በ2 ማርሽ ነው የወረድነው፣ ፔዳሉ እስከ ወለቃ ድረስ ጠንካራ ነበር።


ማራኪ 4ኬ
ቅዳሜ ማታ 2:50

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ፣ ሳነብ እኔም አብሬ ዳገቱን የወጣሁ መሰለኝ። እኔም መልሻለሁ ቴርሞስታቱን፣ 10 ቀን ሆነው፣ አሁን ጠዋት ቾኩን ቶሎ ነው የምዘጋው። ክዳኑ ስር ያለው ነገር ዘይት ከቀየርኩ በኋላ እስካሁን አልተመለሰም።


እናት ሹፌር
ቅዳሜ ማታ 3:10

እግዚአብሔር ይመስገን። አባትህን ሰላም በልልኝ።


አሮጌው መካኒክ
ቅዳሜ ማታ 3:40

ልጄ ደስ ብሎኛል። በየሳምንቱ ጠዋት በቀዝቃዛው ውሃውን እየው፣ አዲስ ቴርሞስታት ስታስገባ የተደበቀ አየር ስለሚኖር መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ ይቀንሳል። ካንዴላህን አውጥተህ ቀለሙን ንገረኝ።


የወለቃው
እሁድ ጠዋት 2:30

አወጣሁ ጋሼ። 1ኛው እና 4ኛው ደህና ቡናማ፣ 2 እና 3 አሁንም ጥቁር ናቸው። አንድ ቁጥር ያነሰ ዋና ጂግለር ላድርግላት? ከየት ነው የማገኘው?


ማራኪ 4ኬ
እሁድ ጠዋት 2:45

ካርቡራተሬን ሳሳጥብ የተረፉ ጂግለሮች በክብሪት ቀፎ ውስጥ አሉኝ፣ ቁጥራቸው ላያቸው ላይ ተቀርጿል። ከሰዓት ቤት ነኝ፣ ይዘሃት ና አብረን እንሞክራቸዋለን።